997 ዶላሩን አትክፈይ፤ ስለ ምጣዱ ጻፊ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። እንጀራ ራሴ ነው የምጋግረው፤ ጓደኞቼ ሊጡ እምቢ ሲላቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። በቅርቡ ኢንስታግራም ላይ አንዲት አበሻ አገኘሁ። ቤቷ ሆና በአፊሊየት ማርኬቲንግ ብዙ ገንዘብ እንደምትሠራ ትናገራለች። ኮርሷ 997 ዶላር ነው። ከገዛሁ በኋላ ያንኑ ኮርስ መልሼ መሸጥ እንደምችልና ገንዘቡም ሙሉ በሙሉ የእኔ እንደሚሆን ነገረችኝ። ባለቤቴ ነገሩ አልተዋጠለትም። እኔ ደግሞ ስለ ምግባችን ብሎግ ብከፍት ደስ ይለኛል። ግን እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ ኮምፒውተርም ብዙ አላውቅም። ኮርሱን ልግዛው? የማታውን ሥራ ለመተውስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮርሱን አትግዢው። ባለቤትሽ ልክ ነው። ብሎጉን ግን ክፈቺ፣ እሱንም ሳትፈሪ።

ሁለቱ ነገሮች ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ላይ ስለተቀላቀሉ መጀመሪያ እንለያቸው። አፊሊየት ማርኬቲንግ ማለት የሌላን ድርጅት ዕቃ በራስሽ ሊንክ ትጠቁሚያለሽ፣ ሰው በዚያ ሊንክ ገብቶ ሲገዛ ድርጅቱ ኮሚሽን ይከፍልሻል ማለት ነው። በቃ ይኸው ነው። አማዞን ይህን ከ1996 ጀምሮ እያደረገ ነው፤ ለመመዝገብ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ደህና የሚባሉ የአፊሊየት ፕሮግራሞች በአብዛኛው መመዝገቢያ አያስከፍሉም። ስለዚህ ገና ምንም ሳትሸጪ 997 ዶላር ክፈይ የምትልሽ ሴትዮ አፊሊየት ማርኬቲንግ እያስጀመረችሽ አይደለም፣ ዕቃ እየሸጠችልሽ ነው። ዕቃው ደግሞ ኮርሱ ራሱ ነው።

እስኪ ረጋ ብለሽ አስቢው። ኮርሱ የሚያስተምረው ኮርሱን እንዴት እንደምትሸጪ ነው። አንቺ የከፈልሽውን ለመመለስ ሌላ ሰው 997 ዶላር መክፈል አለበት። ያ ሰው ማን ነው? እንደ አንቺ ከሥራ ወጥቶ የደከመው፣ ስልኩን ይዞ አልጋው ላይ የተኛ፣ "ምናለ ከዚህ ሥራ በተገላገልኩ" የሚል አበሻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽ ናት፣ የእቁብ ባልደረባሽ ናት። እሷም የራሷን ለመመለስ ሌላ ትፈልጋለች። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ሰዎች ገንዘባቸው ሄዶ ይቀራል፤ አንቺ ደግሞ በየሠርጉና በየለቅሶው ትገናኛቸዋለሽ።

ይህ እኔ ብቻ የምለው አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ በ2018 ሞቢ የተባለ ድርጅትን ፍርድ ቤት አቁሞ ሥራውን አስቁሟል። ሞቢ በ49 ዶላር መግቢያ "21 ደረጃ ያለው የኢንተርኔት ንግድ ትምህርት" ብሎ ይጀምርና ሰዎችን ደረጃ በደረጃ አሥር ሺዎች ዶላር ወደሚያወጡ አባልነቶች ይገፋቸው ነበር። ገንዘብ ማግኛው መንገድ ምን ነበር? ያንኑ አባልነት ለሌላ ሰው መሸጥ። ያንቺዋ ሴትዮ ከዚህ ድርጅት ጋር ግንኙነት አላት እያልኩሽ አይደለም። ራሷም ተታላ ገብታበት፣ ገንዘቧን ለመመለስ የምትሯሯጥ ልትሆን ትችላለች። መንገዱ ግን ያው ነው።

ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል ካለችሽ ይብቃ። መክፈል ጀምረሽ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ በጽሑፍ ገንዘቤ ይመለስ በይ፤ የከፈልሽው በክሬዲት ካርድ ከሆነ ካርዱን ለሰጠሽ ባንክ ደውይና ክፍያውን እንደምትቃወሚ ተናገሪ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ብዙ ሰው የማይነግርሽን ሒሳብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የማታ ሥራሽን ለመተው የምታስቢው በዚህ ሒሳብ ላይ ተመሥርተሽ ነው።

አማዞን ለወጥ ቤት ዕቃ የሚከፍለው ኮሚሽን 4.5 ከመቶ ነው። ለምግብ ዕቃ፣ ማለትም ጤፍ፣ በርበሬ፣ ምስር ለመሳሰለው፣ 1 ከመቶ ብቻ። ድሮ ለምግብ 5 ከመቶ ነበር፤ በኤፕሪል 2020 ቀነሱት፤ ብዙ ብሎገሮች በአንድ ጊዜ ገቢያቸው ወደቀ። እንግዲህ አንድ ምጣድ 120 ዶላር ነው ብንል አንቺ የምታገኚው 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። 40 ዶላር የሚያወጣ ጤፍ ደግሞ 40 ሳንቲም ይሰጥሻል። ከዚህ በወር 1,000 ዶላር ለማግኘት በየወሩ ወደ 185 ምጣድ በአንቺ ሊንክ መሸጥ አለበት። በጤፍ ብቻ ከሆነ 2,500 ከረጢት። አንድ ሰው ሊንክሽን ተጭኖ ከገባ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚገዛው ሌላ ዕቃም ይቆጠርልሻል፣ ይህ ትንሽ ይረዳል። ግን 24 ሰዓቱ ካለፈና ዕቃውን የአማዞን መግዣ ጋሪው ውስጥ ሳያስገባ ከወጣ አበቃ፣ በማግስቱ ተመልሶ ቢገዛው ለአንቺ ምንም የለውም።

ስለዚህ የማታ ሥራሽን አትተይ። ለሚቀጥለው አንድ ዓመት ይህን ጥያቄ ጭራሽ አታንሺው። ብሎግ መጀመሪያ ላይ ወራት ሙሉ ምንም አያስገባም፤ ጉግል አዲስ ገጽን ቶሎ አያምንም፣ አንባቢም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ይህን አውቀሽ ከገባሽ አትሰበሪም። በሦስተኛው ወር ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት አብዛኞቹ ሰዎች በሦስተኛው ወር ገንዘብ ይመጣል ተብለው የገቡ ናቸው።

ታዲያ ለምን ክፈቺ አልኩሽ? አንቺ እጅ ላይ ያለው ነገር ገንዘብ ከፍለሽ የማታገኚው ስለሆነ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ሳታስቢው ያለፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ሊጡ እምቢ ሲላቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው ያልሽው። ከ997 ዶላር ኮርስ የሚበልጠው ይኸ ነው። ሰዎች ተቸግረው ይደውሉልሻል፣ አንቺም መልስ አለሽ። ብሎግ ማለት ያንን መልስ አንዴ ጽፎ ማስቀመጥ ነው፤ ስልክ ቁጥርሽን የማያውቅ ሰውም እንዲያገኘው።

አሜሪካ ውስጥ እንጀራ መጋገር አገር ቤት እንደመጋገር አይደለም፣ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። በዲሴምበር ቤቱ ቀዝቅዞ ሊጡ በሦስት ቀንም አይቦካም። አንዷ ኦቨኑ ውስጥ አስገብታ መብራቱን ብቻ አብርታ ታሳድረዋለች፣ ሌላዋ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ማሞቂያው አጠገብ ታስቀምጣለች። የትኛው ይሻላል? የቧንቧው ውኃ ክሎሪን እርሾውን ይጎዳዋል ወይ፣ የተጣራ ውኃ ለውጥ ያመጣል ወይ? አብሲት ለስንት ኩባያ ሊጥ ስንት ይበቃል? እንጀራው ዓይን አላወጣም፣ ሥሩ ደርቆ ላዩ ጥሬ ሆነ፣ ከምጣዱ አልነሳ አለ፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጽሑፍ ናቸው። ወጥ ስትሠሪ የጭስ አላርሙ እየጮኸ ጎረቤት የሚበሳጭብሽ አፓርታማ ውስጥ ሽንኩርት እንዴት ይቁላላል የሚለውም አንድ ጽሑፍ ነው።

ስለ ምጣዱ ደግሞ ልብ በይ። እዚያ ብዙ አበሻ ቤት ያለው ባለ 16 ኢንቹ የቤታኒ ግሪል ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ አይደለም። አዮዋ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ኖርዌጂያን አሜሪካውያን ሌፍሴ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ነው። የእኛ እናቶች አግኝተው ለእንጀራ አዋሉት። ይህን ዕቃ ለመግዛት የሚያመነታ ሰው የሚፈልገው የሻጩን ማስታወቂያ አይደለም። ሙቀቱ ስንት ላይ ይስተካከላል? ጠርዙ ላይ እንጀራው ይሳሳል ወይ? ክዳን ምን ላድርግለት? ከዓመታት በኋላ ልባሱ ምን ይመስላል? አንቺ ቤትሽ ያለው ይኸው ከሆነ፣ ያረጀውን ፊቱን ፎቶ አንሥተሽ፣ የወደድሽለትንና የጠላሽበትን ሳትደብቂ ጻፊ። ለምሳሌ ትንሽ ቤተሰብ ላለው አያስፈልግም፣ ሰፋ ያለ የማይጣበቅ መጥበሻ ይበቃል የምትዪ ከሆነ እንዲያው በይ። ያን ቀን 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም ታጪያለሽ። አንባቢሽ ግን ለሚቀጥለው ዕቃ ወደ አንቺ ይመለሳል። በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ የሚያገኙት ሰዎች ከሚያጡት የሚለዩት በዚህ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አትግዙ ማለት የሚችል ሰው ግዙ ሲል ይሰማል።

ለማን ትጽፊያለሽ የሚለውን አሁኑኑ ወስኚ። በአማርኛ ብትጽፊ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አማርኛ የሚያነብ አበሻ ጤፉንም ምጣዱንም ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ካለ የአበሻ ሱቅ ይገዛል፣ ጥያቄ ሲኖረው ለእናቱ ይደውላል። በእንግሊዝኛ የሚፈልጉት ሌሎች ናቸው። አሜሪካ ተወልደው እንጀራ የሚወዱ ግን አማርኛ የማያነቡ ልጆቻችን አሉ። አበሻ ያገቡ ፈረንጆች አሉ። ከኢትዮጵያ ልጅ ያሳደጉ ቤተሰቦች አሉ። ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ፣ ለእነሱ በተለይ በጥንቃቄ ጻፊላቸው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ብዙ እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ሲሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ያለበት ሰው "እንጀራ ከግሉተን ነፃ ነው" የሚል ጽሑፍ አንብቦ ሬስቶራንት ገብቶ ቢበላ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ የትኛው ንጹሕ ጤፍ እንደሆነ እንዴት እንደሚለይ፣ ሻጩን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ጻፊ። የሰው ጤና ያለበት ቦታ ላይ እርግጠኛ ያልሆንሽውን አንድ ቃል አትጻፊ።

እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም ላልሽው፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከአዛውንቶች ጋር ማታ ማታ የምታወሪበት እንግሊዝኛ ይበቃል። በስልክሽ ድምፅሽን እየቀረጽሽ ለጓደኛሽ እንደምታስረጂው ተናገሪ፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ ገልብጪው። ሆሄያትና ሰዋስው ለማረም ቻትጂፒቲን ብትጠቀሚ ችግር የለውም። ጽሑፉን ግን እንዳታስጽፊው። ከሜይ 2024 ወዲህ ጉግል ራሱ አሜሪካ ውስጥ የፍለጋ ገጹ አናት ላይ በኤአይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የተጻፈ መልስ እያስቀመጠ ነው፤ "እንጀራ እንዴት ይጋገራል" ለሚለው ተራ ጥያቄ ሰው ወደ ማንም ብሎግ ሳይገባ መልሱን አንብቦ ይሄዳል። ማሽን የማይችለው የአንቺን ወጥ ቤት ነው። የከሸፈውን እንጀራ ፎቶ፣ ሊጡ በሁለተኛው ቀን ምን እንደሚመስል፣ በአራተኛው ምን እንደሚሸት። ፎቶውን በስልክሽ አንሺ፣ ቀን ላይ፣ መስኮት አጠገብ።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አትጨነቂ። ብሎገር የሚባለው የጉግል አገልግሎት ነፃ ነው፣ ወርድፕረስም ነፃ መጀመሪያ አለው። ለጊዜው ከዚያ በላይ አያስፈልግሽም። እንደምትቀጥዪበት ስታውቂ የራስሽን ዶሜይን፣ ማለትም የገጽሽን አድራሻ ስም፣ ግዢ፤ ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ኢንስታግራምና ቲክቶክ ሰው ለመጥራት ጥሩ ናቸው፣ ተጠቀሚባቸው። ቤትሽን ግን እዚያ ላይ ብቻ አትሥሪ። በጃንዋሪ 2025 ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ ለሰዓታት ጥፍት ሲል ኑሯቸው በሙሉ እዚያ ላይ የነበረ ሰዎች እንዴት እንደደነገጡ አይተናል። የራስሽ ገጽ ላይ የጻፍሽው ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋብሽም።

አማዞን ጋ ለመመዝገብ አትቸኩዪ። ይህን ብዙ ጀማሪ ስለማያውቅ ይጎዳበታል። ከተመዘገብሽበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ 3 ሽያጭ ካላመጣሽ ሒሳቡን ይዘጉታል። እንደገና መሞከር ይቻላል፣ ግን ያስቀመጥሻቸው ሊንኮች ሁሉ እንደገና መቀየር አለባቸው። ስለዚህ መጀመሪያ አሥር አሥራ ሁለት ጥሩ ጽሑፍ ጻፊ፣ ጥቂት አንባቢ ይምጣ፣ ከዚያ ተመዝገቢ። 3ቱን ለመሙላት ብለሽ በራስሽ ሊንክ ራስሽ እንዳትገዢ፣ ባለቤትሽንም ግዛልኝ እንዳትዪ። ክልክል ነው፣ ይደርሱበታልም። ዋጋ በእጅሽ አትጻፊ፤ የአማዞን ዋጋ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፣ ደንባቸውም አይፈቅደውም። የሌሎች ገዢዎችን አስተያየት ገልብጦ መለጠፍም እንዲሁ።

በየጽሑፉ አናት ላይ፣ ከሊንኩ በፊት፣ "በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ እኔ ኮሚሽን አገኛለሁ" ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ኤፍቲሲ ይህን ይጠይቃል፣ አማዞንም የራሱ የሆነ ዓረፍተ ነገር እንድታስቀምጪ ያዝዛል። ግርጌ ላይ በደቃቁ አትደብቂው። ሰው ይሸሻል ብለሽ አትፍሪ፤ የረዳሽው ሰው 5 ዶላር ብታገኚ ደስ ነው የሚለው።

በአማዞን ብቻም አትወሰኚ። በርበሬና ሽሮ በኢንተርኔት የሚሸጡ፣ ጀበናና ስኒ የሚልኩ ትንንሽ የአበሻ ነጋዴዎች አሉ። አንባቢ ሲኖርሽ ኢሜል ጻፊላቸውና በሊንኬ ለመጣ ገዢ 10 ከመቶ ብትሰጡኝ በያቸው። ብዙዎቹ የአፊሊየት ፕሮግራም የላቸውም፣ ግን በቅናሽ ኮድ መስማማት ይቻላል። ከ1 ከመቶው ጤፍ ይህ በጣም ይሻላል። ገንዘቡም እኛው ጋ ይዞራል፣ እኔ በበኩሌ ይህን መንገድ እወደዋለሁ።

መቼ ምን እንደምትጽፊ ቀን መቁጠሪያችን ይነግርሻል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከመግባቱ ከሁለት ወር በፊት የጾም ምግቦችሽን ጽፈሽ ጨርሺ፣ ምክንያቱም ጉግል ገጹን አግኝቶ እስኪያሳየው ጊዜ ይወስዳል። ፋሲካ ሲደርስ የዶሮ ወጥ ፍለጋ ይጨምራል፤ በፋሲካ ዋዜማ የተጻፈ የዶሮ ወጥ ጽሑፍ ግን ለዚያ ዓመት ረፍዶበታል። ጉግል ሰርች ኮንሶል የሚባለውን ነፃ መሣሪያ ልጅሽም ቢሆን ያገናኝልሽ፤ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ወደ ገጽሽ እንደመጡ በቃላቸው ያሳይሻል። እዚያ ላይ የምታዪው ጥያቄ ቀጣዩ ጽሑፍሽ ነው።

ግብርን በተመለከተ አጭር ነገር። ከብሎጉ የምታገኚው ገቢ የግል ሥራ ገቢ ነው። በዓመት ወጪሽን ቀንሰሽ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተረፈሽ የ15.3 ከመቶውን የግል ሥራ ታክስ ማስላት ይኖርብሻል፣ ግብር ሠሪሽ ያውቀዋል። የዶሜይን፣ ለጽሑፉ ብለሽ የገዛሽውን ዕቃ ደረሰኝ አስቀምጪ። የሥራ ፈቃድሽ ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አንድ ዶላር ከመቀበልሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ፤ ለጥቂት ዶላር ብለሽ ወረቀትሽን አደጋ ላይ አትጣዪ።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጽሑፍ የማታ ሥራ የሌለሽን አንድ ቀን ምረጪ። ጓደኞችሽ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁሽ የትኛውን ነው? እሱን ብቻ ጻፊ። ሊጡ በብርድ አልቦካ አለኝ ከሆነ እሱን፤ ምን ሆኖ እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ከነፎቶው። ሊንክ አታስገቢበት። ለጥፈሽ ስትጨርሺ አድራሻውን ላኪልኝ፣ እንግሊዝኛውን አብረን እናየዋለን።